ግራፊክስ ካርዱ የራሱን ትንፋሽ እንዳይስብ

ጨዋታው ከተጀመረ ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላውም። የግራፊክስ ካርዱ፣ ማለትም የጨዋታውን ምስል የሚሠራው የኮምፒውተሩ ክፍል፣ ማራገቢያዎች እንደ ወፍጮ ይጮኻሉ፣ ምስሉ አልፎ አልፎ ይንገጫገጫል፣ የሙቀት መለኪያው ቁጥር 84 ላይ ተተክሏል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ ብድግ ብሎ የኬዙን (የኮምፒውተሩን ሣጥን) የጎን ሽፋን ይነቅላል። ጥቂት ደቂቃዎች ሳያልፉ ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ቁጥሩም መውረድ ይጀምራል። ካርዱ ያው ነው፤ ጨዋታውም ያው ነው፤ ክፍሉም አልቀዘቀዘም። የተለወጠው ካርዱ የሚስበው አየር ብቻ ነው።

ሽፋን ነቅሎ መጫወትን እንደ ዘላቂ መፍትሔ አልመክርም፤ አቧራውም የሕፃን ጣትም ወደ ውስጥ ይገባልና። ሆኖም ይህች ትንሽ ሙከራ ብዙ ሰው አዳዲስ ማራገቢያ ገዝቶ እንኳ የማያገኘውን መልስ በነጻ ትሰጣለች። ሽፋኑ ሲነሣ ሙቀቱ በግልጽ ከወረደ፣ የካርዱ ማቀዝቀዣ ሥራውን በሚገባ እየሠራ ነው፤ ችግሩ ያለው በዙሪያው ባለው አየር ላይ ነው። ካርዱ አንድ ጊዜ አሙቆ ያስወጣውን አየር መልሶ እየሳበ፣ ያንኑ እንደገና ሲያሞቅ ቆይቷል። ፊቱን በብርድ ልብስ ተከናንቦ የተኛ ሰው የገዛ ትንፋሹን መልሶ እንደሚስበው ማለት ነው። ስለ ኬዝ አየር ዝውውር የሚባለው ሁሉ፣ ማራገቢያ የት ይሰቀል፣ ስንት ይሁን፣ ወደየት ይዙር የሚለው ክርክር ሁሉ፣ ዞሮ ዞሮ ይህን ብርድ ልብስ ከካርዱ ፊት ለማንሣት ነው።

ማራገቢያ ቅዝቃዜ አያመርትም

ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ማራገቢያ አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ አየር አያቀዘቅዝም። ይህ ቀላል ነገር ሲዘነጋ ነው ሰው አምስት ማራገቢያ ሰቅሎ ጠብ የሚል ለውጥ ሲያጣ ግራ የሚጋባው።

ግራፊክስ ካርድ የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል መጨረሻው ሙቀት ነው። የግራፊክስ ቺፕ ሠሪው ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4070 ለተባለው ካርድ የመደበው ኃይል 200 ዋት ነው፤ ለአርቲኤክስ 4090 450 ዋት፣ ለአርቲኤክስ 5090 ደግሞ 575 ዋት። ይህ ሁሉ ሙቀት የሚመነጨው ከመዳፍ ከሚያንስ ቺፕና በዙሪያው ከተደረደሩት ጥቂት ክፍሎች ነው። ከቺፑ ወደ መዳብ ሰሌዳ ያልፋል፤ ከዚያ ሙቀት አስተላላፊ ቱቦዎች ይቀበሉትና እንደ መጽሐፍ ገጽ ለተደረደሩት ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች ያከፋፍሉታል፤ የካርዱ ማራገቢያዎችም በቅጠሎቹ መካከል አየር ያሳልፋሉ፤ አየሩ ሙቀቱን ተሸክሞ ይሄዳል። እስከዚህ ድረስ ያለው የካርዱ አምራች ኃላፊነት ነው። አየሩ ከየት እንደሚመጣና ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ ግን ካርዱ የሚያውቀው ነገር የለም። እሱ የኬዙና የባለቤቱ ጉዳይ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ስሌት የመደመር ስሌት ነው። አንድ ካርድ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ፣ ከሚያገኘው አየር በ45 ዲግሪ ከፍ ብሎ የሚረጋ ነው እንበል። ክፍሉ 25 ዲግሪ ከሆነና ካርዱም ያንኑ የክፍሉን አየር በቀጥታ ካገኘ 70 ላይ ይቆማል። ኬዙ ውስጥ ያለው አየር 38 ከደረሰ ግን ያው ካርድ፣ በዚያው የማራገቢያ ፍጥነት፣ ወደ 83 ይወጣል። ካርዱ አልተበላሸም፤ መነሻው ነው ከፍ ያለው። እያንዳንዱ ወደ ካርዱ በሚገባው አየር ላይ የሚጨመር ዲግሪ በካርዱ ላይ አንድ ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይታያል።

አሁን ስንት አየር ያስፈልጋል ወደሚለው እንምጣ። ይህን ማስላት ከባድ አይደለም፤ ውጤቱ ግን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። አንድ ሜትር ኩብ አየርን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1,200 ጁል ያህል ይበቃል። ካርዱ፣ የኮምፒውተሩ ዋና ቺፕ የሆነው ፕሮሰሰሩና የቀረው ሁሉ ተደምሮ 600 ዋት የሚያመነጭ ኮምፒውተር አለን እንበል፤ የሚወጣው አየር ከሚገባው በ10 ዲግሪ ብቻ እንዲበልጥ ብንፈልግ፣ በየሰከንዱ 50 ሊትር አየር ማሳለፍ አለብን። መካከለኛ መጠን ያለው ኬዝ በውስጡ የሚይዘው አየር ከ40 እስከ 50 ሊትር ቢሆን ነው። ይህ ማለት በኬዙ ውስጥ ያለው አየር በሙሉ፣ በየሰከንዱ፣ ተጠራርጎ ወጥቶ በአዲስ መተካት አለበት። የፊት መግቢያው በግማሽ ከታፈነና የሚያልፈው አየር በግማሽ ከቀነሰ 10 ዲግሪው 20 ይሆናል። እዚህ ላይ ሌላም ነገር አለ። አየር ከፍታ ላይ ይሳሳል፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ላይ ክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ከባሕር ዳርቻው ነዋሪ የበለጠ የአየር መጠን ማሳለፍ አለበት።

ኬዙ የተወረሰው ከሌላ ዘመን ነው

ዛሬ የምንጠቀምበት የኬዝና የማዘርቦርድ (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) አቀማመጥ መሠረቱ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ኤቲኤክስ የተባለው መስፈርት ነው። በዚያን ዘመን አብዛኛው ግራፊክስ ካርድ ማራገቢያ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ የሚሰካበት የፒሲአይ ማስገቢያ ለአንድ ካርድ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ ኃይልም 25 ዋት ነበር። ቆሞ በሚቀመጥ ኬዝ ውስጥ ካርዱ አግድም ይተኛል፤ ቺፑና ማቀዝቀዣው ያለበት ፊት ደግሞ ወደ ታች ይዞራል። 25 ዋት ለሚወስድ ካርድ ይህ ግድ አይሰጥም ነበር። ዛሬ ግን ሁለትና ሦስት ትላልቅ ማራገቢያዎች ያሉት፣ 450 ዋት የሚያመነጭ ካርድ እዚያው ቦታ ላይ፣ ፊቱን ወደ ታች ደፍቶ ተንጠልጥሎ፣ ከሥሩ ካለው ጠባብ ክፍተት አየር እንዲፈልግ ተፈርዶበታል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2004 ቢቲኤክስ የተባለ፣ የአየር መንገዱን ከፊት ወደ ኋላ ቀጥ ያደረገ አቀማመጥ አምጥቶ ነበር። ዋና ዓላማው ግን ያኔ በጣም ይሞቁ የነበሩትን ፕሮሰሰሮች ማቀዝቀዝ ነበር፤ ፕሮሰሰሮቹ ረገብ ሲሉ በ2006 ተተወ። የግራፊክስ ካርዱ ችግር ግን አብሮን ቀረ።

አብዛኛው የዛሬ ካርድ ያሞቀውን አየር የሚለቀው እዚያው ኬዙ ውስጥ መሆኑም ነገሩን ያከብደዋል። ድሮ በብዛት ይታዩ የነበሩት፣ አንድ ከበሮ መሰል ማራገቢያ ያላቸው ካርዶች፣ አየሩን በኋላ በኩል ቀጥታ ወደ ውጭ ይነፉ ነበር፤ ጩኸታቸው ሰው ያስመርር ነበርና ከጨዋታ ኮምፒውተሮች እየጠፉ ሄዱ። የአሁኖቹ ጸጥ ያሉና ቺፑን በተሻለ የሚያቀዘቅዙ ናቸው፤ ነገር ግን ሙቁን አየር ወደ ጎን፣ ወደ ላይ፣ ወደ ፈለጉበት ይበትኑታል። ሰብስቦ ማስወጣቱ የኬዙ ሥራ ሆነ።

መጀመሪያ መለካት

ማራገቢያ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ምሽት ለመለኪያ ይስጡ። እዚህ ላይ የሚቸኩሉ ሰዎች ኋላ በገንዘባቸው ሲጸጸቱ ደጋግሜ ስላየሁ ነው እንዲህ የምለው።

በመጀመሪያ የክፍሉን ሙቀት በቴርሞሜትር ይያዙ፤ ያለዚያ የትናንቱንና የዛሬውን ማነጻጸር አይችሉም። ከዚያ እንደ ጂፒዩ-ዚ ወይም ኤችደብልዩኢንፎ ያለ ፕሮግራም ከፍተው፣ ከሚጫወቷቸው ጨዋታዎች ከባዱን ለ30 ደቂቃ ያስኬዱ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች የሚታየው ቁጥር አይጠቅምም፤ ብረቱም፣ በኬዙ ውስጥ ያለው አየርም ገና አልሞቁም። የሚመዘገቡት አራት ነገሮች ናቸው፦ የቺፑ ሙቀት፣ የቺፑ እጅግ ሞቃት ነጥብ፣ የካርዱ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ሙቀትና የማራገቢያው ፍጥነት። ሁለተኛውና ሦስተኛው በሁሉም ካርድ ላይ አይታዩም።

የማራገቢያውን ፍጥነት የማይመዘግብ ሰው በቀላሉ ይታለላል። ካርዱ ሙቀቱን አንድ ቦታ ለማቆየት ማራገቢያውን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ የኬዙን አየር አሻሽለው ሙቀቱ ከነበረበት ላይወርድ ይችላል፤ ማራገቢያው ግን በደቂቃ ከ2,200 ዙር ወደ 1,600 ወርዶ ሊሆን ይችላል። ይህ ትልቅ ድል ነው፤ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ግን ምንም አልተለወጠም ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ንጽጽሩ ትክክለኛ እንዲሆን ለሙከራው ጊዜ የካርዱን ማራገቢያ፣ ለምሳሌ 60 በመቶ ላይ፣ ማሰር ይሻላል። እንደ አፍተርበርነር ያሉ ፕሮግራሞች ይህን ይፈቅዳሉ።

ስንት ዲግሪ ነው የሚያሰጋው? ኤንቪዲያ ለአርቲኤክስ 3080 ያስቀመጠው የመጨረሻ ወሰን 93 ዲግሪ ሲሆን ለአርቲኤክስ 4090 ደግሞ 90 ነው። ሌላው የግራፊክስ ቺፕ ሠሪ ኤኤምዲ በበኩሉ እጅግ ሞቃቱ ነጥብ እስከ 110 ቢደርስ ካርዱ እንዲችለው አድርጎ መሥራቱን ይናገራል። ካርዱ ወሰኑ ላይ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ቅነሳው ወሰኑ ላይ ድንገት የሚጀምር አለመሆኑ ነው። የኤንቪዲያ ካርዶች ሙቀቱ ከፍ ባለ ቁጥር፣ ወሰኑ ገና ሩቅ ሳለ፣ ፍጥነታቸውን በጥቂት በጥቂቱ እያወረዱ ይመጣሉ። 80 ላይ ያለ ካርድ አደጋ ላይ አይደለም፤ 65 ላይ ካለው መንትያው ግን በጥቂቱ ይዘገያል፣ በብዙ ይጮኻል።

ይህን ከያዙ በኋላ ሽፋኑን ነቅለው ያንኑ 30 ደቂቃ ይድገሙት። ልዩነቱ ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ብቻ ከሆነ ኬዝዎ ደህና ነው፤ ማራገቢያ መጨመር የሚያመጣው ነገር የለምና ችግሩን ሌላ ቦታ ይፈልጉ። ልዩነቱ ከሰባት ስምንት ዲግሪ ካለፈ ኬዙ ካርዱን እያፈነው ነው።

የፊት በር

ካየኋቸው የታፈኑ ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ የታፈኑት ከፊት ነው። መስታወት ወይም ድፍን ፕላስቲክ የተለበጠ የፊት ገጽ፣ ከኋላው ሦስት የሚያበሩ ማራገቢያዎች፣ አየር የሚገባው ግን በጎን በኩል ባለች የጣት ውፍረት ያህል በማትሆን ክፍተት። ዓይን ይማርካል፤ ግን በቀጭን ሸምበቆ እየተነፈሰ እንደሚሮጥ ሰው ነው። በዚያ ላይ ጥቅጥቅ ያለ የአቧራ ማጣሪያ ሲጨመር፣ ማጣሪያው ደግሞ ለወራት ሳይጸዳ ሲቀር፣ ሦስቱ ማራገቢያዎች የአንዱን ሥራ እንኳ አይሠሩም።

ሙከራው ቀላል ነው። የፊቱን ገጽ ብቻ አውልቀው፣ የጎኑን ሽፋን ግን ገጥመው፣ መለኪያውን ይድገሙ። ሙቀቱ ሽፋኑ በተነቀለበት ጊዜ ወደነበረበት ከተጠጋ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ከዚያ በኋላ የፊቱን ገጽ በወንፊት መሰል በተበሳሳ ገጽ መተካት፣ አምራቹ እንዲህ ያለ ከሌለው ደግሞ ወደፊት ኬዝ ሲቀይሩ ይህን መጀመሪያ ማየት ነው። አዲስ ኬዝ የሚመርጥ ሰው ቢጠይቀኝ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ከፊት ለፊት በእጅ ባትሪ ያብሩበት፤ ብርሃኑ የማያልፍበትን ገጽ አየርም በቀላሉ አያልፍበትም።

እዚህ ላይ ዘንግቼ የማላልፈው ሌላ ሙከራ አለ። ከሶፍት ላይ የትንሽ ጣት ስፋት ያላት ቀጭን ቁራጭ ቀድደው በጥንቃቄ ወደ ክፍተቶቹ ያስጠጉ፤ ወደሚዞሩት ክንፎች እንዳትገባ ብቻ ይጠንቀቁ። የፊቱ ማጣሪያ ላይ ስትያዝ ልትለጠፍ ይገባታል፤ ኋላ ያለው ማስወጫ ጋ ስትያዝ ወደ ውጭ ልትውለበለብ ይገባታል። የጎኑን ሽፋን ከፍተው ደግሞ በፊት ማራገቢያዎቹና በኬዙ ብረት መካከል ያለውን ክፍተት፣ በማራገቢያ ያልተሞላውን ባዶ ቦታ ይፈትሹ። ብዙ ጊዜ ወረቀቷ እዚያ ጋ ወደ ፊት፣ ማለትም ወደ ማራገቢያዎቹ መግቢያ፣ ስትሳብ ያያሉ። የፊቱ ገጽ በታፈነበት ኬዝ ማራገቢያዎቹ ከውጭ የሚስቡት ሲያጡ ከኬዙ ውስጥ ሙቁን አየር በጎናቸው ስበው፣ አዙረው መልሰው ይነፉታል። ማራገቢያው ይዞራል፣ ነፋስም አለ፤ አዲስ አየር ግን የለም። ያንን ባዶ ክፍተት በወፍራም ካርቶን ወይም በስፖንጅ መድፈን ምንም ያህል ወጪ የማይጠይቅ፣ ግን ከአንድ ተጨማሪ ማራገቢያ የበለጠ ሊጠቅም የሚችል ሥራ ነው።

ማራገቢያዎቹን የት?

ከብዙ መከራከሪያ የምመርጠው ቀላሉን ነው፦ ከፊት ሁለት ወይም ሦስት አስገቢ፣ ከኋላ አንድ አስወጪ። ከፊቶቹ አንዱ በካርዱ ቁመት ልክ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ይሁን፤ ወደ ካርዱ ሥር አየር የሚያደርሰው እሱ ነው። ፊት ላይ ሁለት ማራገቢያ ብቻ ካለዎትና ቦታው ለሦስት ከሆነ፣ ከላይኛውና ከመካከለኛው ይልቅ መካከለኛውንና ታችኛውን ቦታ ይሙሉ።

ኬዙ ከታች ወለሉ ላይ ማራገቢያ የሚይዝ ከሆነ፣ ለግራፊክስ ካርድ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ከታች የገባው አየር በቀጥታ ካርዱ ከሚስብበት ፊት ሥር ይደርሳል፤ ከሌላ ሞቃት ነገር ጋር አይገናኝም። ነገር ግን የኬዙ እግሮች አጭር ከሆኑና ከሥሩ ምንጣፍ ካለ ያ ማራገቢያ ምንጣፉን ሲስብ ይውላል።

ጣሪያው ላይ ያለው ቦታ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ከጣሪያው ወደ ኋላ የተጠጋው አስወጪ ይጠቅማል፤ ወደ ፊት የተጠጋው ግን ከፊት ገና የገባውን ቀዝቃዛ አየር፣ ምንም ሳይሠራ፣ ነጥቆ ያስወጣዋል። «ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣልና ጣሪያው በአስወጪ ይሞላ» የሚለው ምክር መነሻው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙቅ አየር በራሱ ወደ ላይ የሚወጣበት ጉልበት በዝግታ ከሚዞር ማራገቢያ ጉልበት እንኳ ያንሳል። ኬዝ ውስጥ አየር የሚሄደው ማራገቢያዎቹ ወደሚገፉት ነው።

አቅጣጫውን ማወቅ ይቀልላል። በአብዛኛው ማራገቢያ ላይ አየሩ የሚወጣው ክፈፉን ከመካከሉ ጋር የሚያያይዙት ድጋፎች በሚታዩበት በኩል ነው፤ አንዳንዱ ጎኑ ላይ ቀስት አለው። በቅርብ ጊዜ ለውበት ሲባል በተገላቢጦሽ የሚነፉ ማራገቢያዎችም መጥተዋልና፣ ከተጠራጠሩ በወረቀቷ ያረጋግጡ።

የማራገቢያ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው የአየር መጠን ከፊቱ ምንም ሳይጋርደው የተለካ ነው። በሰዓት 100 ሜትር ኩብ የተባለለት ባለ 120 ሚሊሜትር ማራገቢያ በሰከንድ 28 ሊትር ያህል ማለት ነው፤ ከማጣሪያና ከወንፊት ኋላ ሲሰቀል ግን ከዚያ ብዙ ያጣል። ቀደም ብለን ያሰላነውን 50 ሊትር ለማግኘት ሁለት ማራገቢያ ይበቃል ብሎ ማሰብ ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው። ኬዙ የሚችል ከሆነ ባለ 140 ሚሊሜትር ይምረጡ፤ ስፋቱ ከባለ 120ው በሲሶ ገደማ ስለሚበልጥ ያንኑ አየር በዝግታ እየዞረ ያሳልፋል። ደግሞም ከሦስትና ከአራት በኋላ እያንዳንዱ ተጨማሪ ማራገቢያ የሚያመጣው ለውጥ እየቀነሰ ይሄዳል። መግቢያው ካልተከፈተ በቀር ዘጠኝ ማራገቢያም ቢሰቀል ከበሩ በላይ የሚገባ የለም።

የሚገባው ከሚወጣው ትንሽ ይብለጥ የሚለውን ምክር እኔም እደግፋለሁ። ምክንያቱ ከሙቀቱ ይልቅ አቧራው ነው። የሚወጣው ሲበልጥ ኬዙ የጎደለውን አየር በየስንጥቁ፣ ማጣሪያ በሌለበት በኩል ሁሉ ይስባል፤ አቧራውም አብሮ ይገባል።

ካርዱ አጠገብ

ብዙ ሰው ዋናውን ማራገቢያ ሲያስብ የካርዱን ዙሪያ ይረሳል። ከካርዱ ሥር ሌላ ካርድ ተሰክቶ ከሆነና ሌላ ማስገቢያ ካለ ያርቁት። ከካርዱ በታች በኬዙ ኋላ ያሉት የማስገቢያ ሽፋኖች ድፍን ከሆኑ ወይ በተበሳሱ ይተኩ፣ ወይም አንዱን ሁለቱን ያንሷቸው፤ ካርዱ ያስወጣው ሙቅ አየር በቅርብ የሚወጣበት ቀዳዳ ያገኛል። ካርዱን ለዕይታ ሲባል አቁሞ፣ ፊቱን ወደ መስታወቱ አዙሮ መስቀልም ፋሽን ሆኗል። በካርዱና በመስታወቱ መካከል ሦስት አራት ሴንቲሜትር ከሌለ ይህ ካርዱን ግድግዳ ላይ አፉን አስደግፎ እንደማስሮጥ ነው፤ እንደዚያ ሰቅለው ሙቀቱ የሚያስቸግራቸው ሰዎች ሌላ ነገር ከመሞከራቸው በፊት ካርዱን ወደ ቦታው ይመልሱት።

ፕሮሰሰራቸውን በፈሳሽ የሚያቀዘቅዙ ሰዎች ራዲያተሩ (የሞቀው ፈሳሽ የሚቀዘቅዝበት ክፍል) ፊት ይሁን ጣሪያ እያሉ ይጠይቃሉ። ፊት ላይ ሲሆን የፕሮሰሰሩ ሙቀት ወደ ካርዱ በሚሄደው አየር ላይ ይደመራል። በስሌታችን መሠረት ግን ፕሮሰሰሩ በጨዋታ ጊዜ 100 ዋት ቢያመነጭ፣ በሰከንድ 50 ሊትር የሚያልፈውን አየር የሚያሞቀው ሁለት ዲግሪ በማይሞላ ነው። የከፋው ሌላው ጉዳት ነው፤ ጥቅጥቅ ያለው ራዲያተር ራሱ መግቢያውን ያጠብባል፣ የሚያልፈውን አየር ይቀንሳል። ለጨዋታ ኮምፒውተር እኔ ጣሪያውን እመርጣለሁ፤ በጨዋታ ጊዜ ትልቁ እሳት ካርዱ ነውና ንጹሑ አየር ለእሱ ይቅደም።

ፍጥነትና ጩኸት

ማራገቢያ ፍጥነቱን እጥፍ ሲያደርግ የሚያሳልፈው አየር እጥፍ ይሆናል፤ ጩኸቱ ግን በ15 ዴሲቤል ገደማ ያድጋል። በአንጻሩ አንድ ዓይነት የሆነ ሁለተኛ ማራገቢያ ቢጨመር ጩኸቱ የሚያድገው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስት ዝግተኛ ማራገቢያዎች ከአንድ ፈጣን በአብዛኛው ይሻላሉ።

ብዙ ጊዜ የማይስተካከለው ግን ማራገቢያዎቹ የማንን ትእዛዝ እንደሚሰሙ ነው። ማዘርቦርዶች ከፋብሪካ እንደወጡ፣ ቅንብራቸው ሳይነካ፣ የኬዙን ማራገቢያዎች የሚያዙት በአብዛኛው በፕሮሰሰሩ ሙቀት ነው። በጨዋታ ጊዜ ደግሞ ፕሮሰሰሩ 60 ዲግሪ ላይ ዘና ብሎ፣ ካርዱ ደግሞ በ80 እየተቃጠለ ሊሆን ይችላል፤ የኬዙ ማራገቢያዎች ታዲያ የፕሮሰሰሩን ሰላም ብቻ ሰምተው በዝግታ ይዞራሉ። ፋን ኮንትሮል የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የኬዙን ማራገቢያዎች ከካርዱ ሙቀት ጋር ለማያያዝ ያስችላል። ማዘርቦርድዎ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ደግሞ በቋሚ መካከለኛ ፍጥነት እንዲዞሩ ማድረግ ከአጉል ትእዛዝ ይሻላል። አንዱን መሰኪያ ለብዙ ማራገቢያ የሚያካፍሉ ሰዎች ይጠንቀቁ፤ የማዘርቦርድ መሰኪያ በተለምዶ የሚችለው 1 አምፔር ነውና በእያንዳንዱ ማራገቢያ ላይ የተጻፈውን ደምረው ይዩ።

ኬዙ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ

ሽፋኑ ተነቅሎም ሙቀቱ ካልወረደ ወደ ካርዱ ራሱ እንመለስ። መጀመሪያ አቧራ። ከታች በእጅ ባትሪ አብርተው በማራገቢያዎቹ ክንፎች መካከል ወደ ላይ ሲያዩ፣ በአሉሚኒየሙ ቅጠሎች አፍ ላይ እንደ ጨርቅ የተነጠፈ ግራጫ ነገር ካለ አየሩ ወደ ቅጠሎቹ አልደረሰም። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅለው፣ ካርዱን አውጥተው፣ ክንፎቹ እንዳይዞሩ በጣት ይዘው በታመቀ አየር ያራግፉት። ማጣሪያዎቹን በየወሩ ማጠብ ደግሞ ይህን ሥራ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን ያደርጋል፤ ሳይቃጠል በቅጠል።

የቺፑ ሙቀት መካከለኛ ሆኖ፣ እጅግ ሞቃቱ ነጥብ ግን ከእሱ በ25 እና በ30 ዲግሪ ከራቀ፣ በቺፑና በመዳቡ መካከል ያለው የሙቀት ቅባት ደርቋል ወይም ወደ ዳር ሸሽቷል። ይህን የኬዝ አየር አያድነውም፤ ቅባቱ መቀየር አለበት፤ የካርዱ ዋስትና ካላለቀ ግን ከመፍታትዎ በፊት ዋስትናውን እንዳያፈርሱ ያረጋግጡ።

ከሁሉም ርካሹን መድኃኒት ሰዎች የሚሞክሩት መጨረሻ ላይ ነው። የካርዱን የኃይል ወሰን በፕሮግራም ወደ 80 በመቶ ማውረድ በብዙ ካርዶች ላይ የጨዋታውን ፍጥነት የሚቀንሰው በጥቂት በመቶ ነው፤ ሙቀቱን ግን በአንድ አምስተኛ ይቀንሰዋል። 450 ዋት የነበረው 360 ሲሆን ከኬዙ ተጠርጎ መውጣት ያለበት አየርም በዚያው ልክ ያንሳል። ለኔ ይህ እንደ ሽንፈት አይቆጠርም፤ የመጨረሻዎቹን ጥቂት በመቶዎች ለማግኘት የሚቃጠለው ዋት ከሚያመጣው ጥቅም ጋር አይመጣጠንም።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ኮምፒውተሩ በጠረጴዛ ሥር ባለ፣ ከኋላው በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ፣ በኬዙ ውስጥ የሠራነው ሁሉ ይፈርሳል፤ ያን ጊዜ የራሱን ትንፋሽ መልሶ የሚስበው ኬዙ ራሱ ነው። ከኋላው ግድግዳ ካለ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ያርቁት። ትንሽ ክፍልን በር ዘግቶ ለሰዓታት መጫወትም ያው ነው፤ 600 ዋት በአነስተኛ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሙቀት ልክ ክፍሉን ያሞቀዋል። ክፍሉ ሦስት ዲግሪ ሲሞቅ ካርዱም ሦስት ዲግሪ ይሞቃል። በሩን ገርበብ አድርገው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቁጥሩን ደግመው ይመልከቱ።